የናስና የሬዚን መለዋወጫ ለሚ-24 ሞዴል
ያደግኩት ቢሾፍቱ አየር ኃይሉ አጠገብ ስለሆነ ሄሊኮፕተር በድምፁ እለያለሁ። አሁን አዳማ ቤቴ ውስጥ ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ (1 ለ 72) የሚ-24 የጦር ሄሊኮፕተር ሞዴል ሠርቻለሁ፤ የእውነተኛው ዋና ሮተር (ከላይ የሚሽከረከረው ክንፍ) ስፋት 17.3 ሜትር ነው፣ የእኔው 24 ሳንቲ ሜትር። ከኪቱ (ከሚገጣጠመው የፕላስቲክ ሞዴል) ጋር የመጣው የአብራሪ ወንበር ዱካ ነው የሚመስለው፤ ስለዚህ የሬዚን (ፈሳሹ በቅርጽ ተፈስሶ የሚጠነክር ፕላስቲክ መሰል ነገር) ወንበርና የናስ ዝርዝር ክፍሎች ለብቻ ገዛሁ፣ ዘመዴ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ።

ናሱ ግሩም ነው! የቀበቶው ዘለበት ከጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጥም፣ ቀዳዳው ግን ይታያል። በወረንጦ ይዤ፣ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ለጠፍኩት። የሞዴል ማጣበቂያ የሚሠራው ፕላስቲኩን አቅልጦ ስለሆነ ናስና ሬዚን አይዝም፤ ሱፐር ግሉ ያስፈልጋል።

ቅር ያሰኘኝ ሬዚኑ ነው። አንዱ ወንበር ጎብጦ መጣ፤ ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሬ አቀናሁት። አቧራው ለሳንባ ጠንቅ ነውና ስትሞርዱት አርጥቡት፣ ማስክም አድርጉ። ወንበሩን ዳግም አልገዛውም፤ ናሱን ግን ለሚቀጥለው የሚ-8 ሄሊኮፕተር ሞዴል ከወዲሁ አዝዣለሁ።