የደብረ ብርሃን ወላጆች፣ የኔታን አመስግኑልኝ

ልጄ ማንበብ ቻለ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ሦስተኛ ክፍል ነው። «ታዲያ ይሄ ምን ይደንቃል?» የሚል ሊኖር ይችላል። እኔ ግን ለዚህ ነገር ሁለት ዓመት አልቅሻለሁ። ስለዚህ ዛሬ የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ፣ ሱቄን ቀደም ብዬ ዘግቼ ይህን እጽፋለሁ።

ማመስገን የምፈልገው አንድ የኔታን ነው። እዚሁ ደብረ ብርሃን ናቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል፣ እኔም እሺ ብያለሁ። ዝም በይ ቢሉኝ ግን እሺ አልላቸውም።

ልጄን መጀመሪያ ያስገባሁት ስሙ የገነነ የግል ትምህርት ቤት ነበር። የቱ እንደሆነ አልናገርም። መጽሐፉ ባለቀለም፣ ዩኒፎርሙ ከነክራባቱ፣ የወላጅ ስብሰባ ላይ ንግግሩ ግማሹ በእንግሊዝኛ። እኔ ለዚያ ክፍያ ብዬ እስከ ማታ ሦስት ሰዓት እሰፋ ነበር። መስከረም በመጣ ቁጥር ይጨምራሉ፣ ለምን ስትዪ «ለጥራት ነው» ይሉሻል። ካርዱ ሲመጣ ደግሞ ልብ ያሞቃል። 88፣ 91፣ አማርኛ 93። ግድግዳ ላይ ለጥፌው ነበር።

አንድ ቀን እጄ ላይ መርፌና ክር ይዤ ሳለ እህቴ ስልኬ ላይ መልእክት ላከች። «እስኪ አንብብልኝ» አልኩት። ስልኩን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ «እማዬ፣ ባትሪው እያለቀ ነው» አለኝ። ባትሪው ሙሉ ነበር።

ማታ የአማርኛ መጽሐፉን አምጣ አልኩት። ክፍል ውስጥ የተማሩትን ገጽ እንደ ውሃ አወረደው። ገልብጬ ያልደረሱበትን ገጽ ሰጠሁት። አንዲት ቃል አልወጣውም። ያንን የመጀመሪያውን ገጽ መልሼ በእጄ ሸፈንኩበት፣ ሳያየውም ያነበንበዋል። ያን ሌሊት አልተኛሁም።

በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ልጁ ዝንጉ ነው፣ አእምሮውን አስመርምሪው።» ይህን ያሉት እሱ አጠገቤ ቆሞ እየሰማ ነው። 93 የሰጡት እነሱ፣ አስመርምሪው የሚሉኝም እነሱ። ዓይኑንም ጆሮውንም አሳየሁ፣ ደህና ነው ተባልኩ። አስጠኚ ቀጠርኩ። ያም በሳምንት ሦስት ቀን እየመጣ የቤት ሥራውን ራሱ እየሠራለት ይሄዳል። ለካ ገንዘቤ የሚሄደው የልጄን ደብተር ለሚሞላ ሰው ነው።

ካርድ ማመን ማቆም የነበረብኝ ግን ከዚያ በፊት ነው። የእህቴ ልጅ የ2014ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት አንዱ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የተፈተኑበትን ዓመት። በአገር ደረጃ ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እሱ ከክፍሉ ሦስተኛ እየወጣ የኖረ ልጅ ነው፣ አላለፈም። ቤታችን ለቅሶ ቤት መስሎ ነበር። ያን ጊዜ መንቃት ነበረብኝ።

የኔታን እንድፈልግ ያነቃችኝ ጎረቤቴ ናት። የሸዋ ሮቢት ልጅ ናት፣ ሙስሊም ናት፣ ከሱቄ ጎን ሻይ ቤት አላት። የወንድሟ ልጅ ሼሁ ዘንድ ቁርአን ይቀራል። የእንጨት ሰሌዳ ላይ ትምህርቱን ይጽፋል፣ ሲያውቀው አጥቦ ሌላውን ይጽፋል። «ሼሁ ሳያዳምጡት አያጥብም» አለችኝ። ከዚያ ደግሞ «እናንተስ የኔታ አሏችሁ አይደል እንዴ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለች። አላህ ይስጣት፣ እሷንም በዚሁ አመሰግናለሁ።

ግን እውነቱን ልናገር፣ የቄስ ትምህርት ቤት ሁሉ አንድ ነው አልልም። መጀመሪያ የወሰድኩት ሌላ ቦታ ነበር። ልጁ በሁለተኛው ቀን እግሩ ላይ የአለንጋ ሰንበር ይዞ መጣ። ፊደል ስለተሳሳተ። ሦስተኛ ቀን አልላክሁትም። ልጅ እየፈራ ምን ይማራል? «እኛም እየተገረፍን ነው ያደግነው» የሚሉ አሉ። እኔ አባቴን አውቃለሁ። በሰባ ዓመቱ የሚያስታውሰው ዳዊቱን እንጂ አለንጋውን አልነበረም፣ ስለ አለንጋው ስጠይቀው ግን ዝም ይል ነበር።

አባቴ መንዝ ነው ፊደል የቆጠረው። ከብት እየጠበቀ፣ ባና ደርቦ፣ በዚያ ብርድ። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጠም። በ1971 መሠረተ ትምህርት ሲታወጅ ግን ቀበሌው የመዘገበው ከሚማሩት ጋር ሳይሆን ከሚያስተምሩት ጋር ነው። ይህን ሲያወራ ድምፁ ይቀየር ነበር። የአገሩ ሰው ደብዳቤ ሲመጣለት እሱ ዘንድ ነው የሚመጣው። ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ዳዊቱን ይደግማል፣ እኔ እግሩ ስር ተቀምጬ እሰማለሁ። የሱ የልጅ ልጅ ማንበብ አቃተው ሲባል ምን እንደተሰማኝ አስቡት። ደግነቱ አባቴ ይህን ሳያይ ነው ያለፈው።

የኔታ ዘንድ የሄድነው በጥር ነው። የጥርን ውርጭ ደብረ ብርሃን የኖረ ያውቀዋል። የኔታ የበግ አጎዛ ላይ ተቀምጠው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዙሪያቸውን ልጆች በየራሳቸው ድምፅ እያነበቡ አገኘኋቸው። ጫጫታው ገበያ ይመስላል። እሳቸው ግን ከዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል አንዱ ሲሳሳት ቀና ሳይሉ «አይደለም፣ መልሰው» ይላሉ። ያ ልጅ ይመልሰዋል።

ታሪካችንን ልነግራቸው ስጀምር «ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ እሱን ልስማው» አሉኝ። ልጄ ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ ለቀቀው። አንድም አልሳተም። እኔ ኮራሁ። የኔታ ግን ስንደዶ አነሱና ገበታው መሃል አንዲት ፊደል ላይ አስቀመጡ። «ዶ» ናት። ልጄ ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ፣ ደ፣ ዱ፣ ዲ... ከመስመሩ መጀመሪያ እየቆጠረ ነው የሚደርስባት። የኔታ የጋቢያቸውን ጫፍ አነሱና መስመሩን ሸፈኑት። «ዶ»ን ብቻ ተዉአት። ልጄ ዝም አለ። ዓይኑ እንባ ሞላ።

የኔታ ስንደዶውን አስቀመጡ። አገጩን በጣታቸው ቀና አደረጉና «አንተ ምንም አላጠፋህም። ጆሮህ ጎበዝ ነው። ዓይንህን ነው ማንም ያላስተማረልህ፣ እሱን እኔና አንተ እናስተምረዋለን» አሉት። ልጄ ካርዱ ላይ ብዙ «ጎበዝ» ተጽፎለታል፣ እንደዚያ ቀን ግን ፊቱ ሲበራ አይቼው አላውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ ዝንጉ፣ ደካማ፣ ሰነፍ ሲባል የኖረ ልጅ ነው! ሐኪም ያላወቀውን፣ በየወሩ የምከፍላቸው ያላወቁትን፣ እኔ እናቱ ያላወቅሁትን እሳቸው በጋቢ ጫፍ አወቁት።

ከዚያ አቡጊዳ አስጀመሩት። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። እኔ አቡጊዳን ልጅ ሆኜ ሰምቼዋለሁ፣ ለምን እንደሆነ ግን አስቤው አላውቅም ነበር። የኔታ አስረዱኝ። ሀ ሁ በዜማ ይያዛል፣ ልጅ በጆሮው ይዞት ይሄዳል። አቡጊዳ ሲመጣ ያ መስመር ይበተናል፣ ከእያንዳንዱ ዘር አንድ አንድ ብቻ እየተነሳ ነው የሚጠራው፣ ስለዚህ ልጁ የግድ ፊደሏን ማየት አለበት። አባቶቻችን ይህን ችግር ከድሮ ጀምሮ ያውቁት ኖሯል። ፊደሉ 33፣ ከነዘሩ 231 ነው። ልጄን ሁሉንም አንድ በአንድ፣ ከላይም ከታችም ከመሃልም እያስነሱ ጠየቁት። ከዚያ ፊደለ ሐዋርያ የሚባለውን የንባብ መለማመጃ ገባ። መጀመሪያ በቁጥር፣ እያንዳንዷን ፊደል ለብቻዋ እየጠራ፣ ከዚያ እያያያዘ። ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ፣ ተጣይ የሚባል የንባብ ሥርዓትም አለው፣ እሱን ለሚያውቁት እተዋለሁ። እኔ ያየሁት አንድ ነገር ነው። አንዱን ሳያውቅ ወደ ሚቀጥለው ማለፍ የለም። ዓመት ስላለቀ ማለፍ፣ ስለተከፈለ ማለፍ የለም። ጠዋት የተማረውን ከእሱ ከፍ ያለ አንድ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ያስጠናዋል፣ ማታ የኔታ ራሳቸው ይሰሙታል። በየቀኑ። አንድም ቀን «ነገ» ብለውት አያውቁም።

አለንጋ የለም። ኩርኩም የለም። ሲሳሳት «መልሰው» ብቻ ነው።

ከዘመናዊ ትምህርቱ አላስወጣሁትም፣ ይህን ለሚጠይቁኝ ነው። የግሉን ትቼ መንግሥት ትምህርት ቤት አዛውሬዋለሁ፣ ሒሳቡንም ሳይንሱንም እዚያ ይማራል። በፈረቃ ስለሆነ በሚተርፈው ጊዜ የኔታ ዘንድ ይሄዳል። የመንግሥት ትምህርት ቤቱ መምህርቷ ራሷ «ልጁን ምን አደረግሽው?» ብላ ጠራችኝ።

ሚያዝያ ላይ ነው። ፋሲካ ደርሶ ሥራ በዝቶብኛል። የደንበኛ ልክ የምጽፍበት ደብተሬ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል። ልጄ አገጩን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ፣ ጣቱን እየጎተተ፣ በራሱ፣ ማንም ሳያዘው፦ «የሐበሻ ቀሚስ። ወገብ 74። እጅጌ 58። ለቅዳሜ። ቀብድ 500 ብር ተቀብያለሁ።» መቀሴን አስቀመጥኩ። የኔ የእጅ ጽሑፍ ደግሞ ለአዋቂም ያስቸግራል። ከዚያ ቀና ብሎ «እማዬ፣ ቀብድ ምንድን ነው?» አለኝ። ያልተማረውን ቃል አንብቦ ነው የሚጠይቀኝ! እልል ብዬ ጎረቤቴ ከነማንቆርቆሪያዋ ሮጣ መጣች፣ እሷም አብራኝ እልል አለች።

በዚያው ሳምንት ገንዘብ ይዤ የኔታ ዘንድ ሄድኩ። አልቀበልም አሉ። «ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ግዢ» አሉኝ። እኔ ግን ይህን አልተቀበልኩም፣ እናንተም አትቀበሉ። እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ ተምረው፣ ከአገር አገር በእግራቸው ዞረው፣ ቁራሽ ለምነው ነው ይህን ዕውቀት የያዙት። ለክራባትና ለባለቀለም መጽሐፍ ያን ያህል የከፈልን ሰዎች ለእሳቸው «ምርቃት ይበቃቸዋል» ማለት ነውር ነው። አሁን ወላጆች ተሰብስበን በወር ትንሽ ትንሽ እያዋጣን ነው። እኔ ጋቢያቸውን ጠርዙን ሰፍቼላቸዋለሁ፣ ያንን ጫፍ። ልጄ አሁን ዳዊት ሊጀምር ነው። 151ዱን መዝሙር ሲፈጽም ትደግሻለሽ ብለውኛል፣ ከአሁኑ በግ እያሰብኩ ነው።

እና እባካችሁ፣ ደብረ ብርሃንና አካባቢው ያላችሁ፣ ልጄ ማንበብ አይችልም ብላችሁ የምታፍሩ ወላጆች፣ አትፈሩ። ልጃችሁ ደካማ አይደለም። ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉልኝ፣ ያልተማረውን ገጽ ስጡትና አስነብቡት። ካቃተው አትጩኹበት፣ አትምቱት፣ ለእኔ ጻፉልኝ። ስማቸውን እዚህ ባልጽፍም በውስጥ መስመር ቦታውን እነግራችኋለሁ፣ ራሴ እወስዳችኋለሁ። ክርስቲያን ያልሆነ ልጅ ፊደል ልማር ብሎ ቢመጣም አይመልሱም፣ ጠይቄያቸዋለሁ።

የኔታ፣ ይህን ልጄ ያነብልዎታል። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ውለታዎን በምን እንደምከፍል አላውቅም።

የምትመጡ ሰዎች፣ ማለዳ ከቅዳሴ በኋላ ነው የሚገኙት። ለልጆቹ አጎዛ ወይም ወፍራም ነገር አስይዟቸው፣ መሬቱ ይበርዳል።