ሴራሚኩ ያምራል፣ ቧንቧው ግን ጉድ ነው

ልደታ ኮንዶሚኒየም ያለውን መታጠቢያ ቤቴን ያሳደስኩት ካዛንቺስ አካባቢ ቢሮ ባለው አንድ የፊኒሺንግ ድርጅት ነው። ሴራሚክ አነጣጠፋቸው እውነት ለመናገር አንደኛ ነው፤ መስመሩ ዝንፍ አይልም። ችግሩ ግድግዳው ውስጥ ነው። ቧንቧውን በግፊት ሳይፈትሹ በሴራሚክ ደፈኑት። ቀን ቀን ውሃ ስለማይኖር ማንም አላወቀም፣ ፈረቃችን ደርሶ ሌሊት በኃይል ሲመጣ ግን ታች ቤት ያሉት እማማ ጅብሰማቸው አብጦ ሶፋቸው ላይ ወረደ። ግድግዳው ሲፈለፈል ፒፒአሩ (በሙቀት አቅልጠው የሚያያይዙት የፕላስቲክ ቧንቧ) መታጠፊያው ላይ በደንብ ሳይቀልጥ እንዲሁ ተሰክቷል፣ በእጅ ሲነካ ውልቅ!

ኃላፊው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ቤቱ የቆየ ስለሆነ እኛን አይመለከትም።» የቆየው ቤቱ ነው እንጂ ቧንቧውንማ ገዝተው የገጠሙት ራሳቸው ናቸው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይካስ ይላል፤ ቁጥር 2077 ደግሞ ሕንፃ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ይጠይቃል። ስለዚህ እማማ መጀመሪያ የሚይዙት እኔን ነው፣ እኔ ደግሞ ድርጅቱን። ፎቶና ውል ይዤ ስሟገት ቧንቧውን በነፃ ቀየሩ፣ የጅብሰሙን ግን ግማሹን ብቻ ከፈሉ። ሶፋውን እኔው አሳጠብኩ።

እነሱን የምታሠሩ ከሆነ የጎረቤት ጉዳት በማን እንደሚሸፈን ውሉ ላይ አስጽፉ፣ ቧንቧው ሳይፈተሽም ሴራሚክ አታስለጥፉ። ለሴራሚኩ አምስት ኮከብ፣ ለቧንቧው አንድ።