ኪቦርዴን ሳትነካ ኮድ ያስተማረችኝን ልጅ ላመስግናት

ይህን ምስጋና ሳላሳድር ልጻፈው። ሜክሲኮ አካባቢ ጀማሪዎችን ፓይተን የሚባለውን የኮድ መጻፊያ ቋንቋ የምታስጠና አንዲት ልጅ አለች። ስሜን በአደባባይ አይጻፉት ስላለችኝ አልጠራትም።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ዕድሜዬም 40ን አልፏል። ፓይተን የጀመርኩት የቢሮዬን የደረሰኝ ፋይሎች ለመቁጠር ብዬ ነው። የየዓመቱ ፎልደር አለ፣ በውስጡ የየወሩ፣ በዚያም ውስጥ የየደንበኛው። ለዚህ ራሱን መልሶ የሚጠራ ፋንክሽን (ስሙ ሲጠራ አንድ ሥራ ሠርቶ ውጤት የሚመልስ የኮድ ክፍል)፣ ሪከርሽን የሚሉት፣ ያስፈልጋል ተባልኩ። ለልምምድ የሁለት ቁጥሮችን ትልቁን የጋራ አካፋይ የሚያወጣ ኮድ ጻፍኩ። እዚያው ላይ ቀረሁ።

48 እና 18 ስሰጠው 6 ማለት አለበት። ውስጡ ፕሪንት፣ ማለትም ስክሪን ላይ አሳይ የሚለውን ትእዛዝ፣ ሳስገባ 6ን ያሳየኛል። የመጨረሻውን ውጤት ሳይ ግን «ነን» ነው፤ ምንም የለም ማለት ነው። 6 እና 0 ስሰጠው ደግሞ በትክክል 6 ይመልሳል። ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። ከፍዬ በተመዘገብኩበት ማሠልጠኛ ብጠይቅ አሠልጣኙ ላፕቶፑን ወደ ራሱ አዞረና የሆነ ነገር ጨምሮ «በቃ ሠርቷል» አለኝ። እውነትም ሠርቷል። ለምን እንደሠራ ግን አልገባኝም። በማግስቱ ሌላ ኮድ ስጽፍ ያው ስሕተት ተመልሶ መጣ።

ይህቺ ልጅ ኪቦርዱን አልነካችም። «ጋሼ፣ ላፕቶፑን ይዝጉትና በወረቀት እንሥራው» አለችኝ። ወረቀት ቀድዳ አራት ቦታ ከፈለችው። በመጀመሪያው ቁራጭ 48 እና 18 አስጻፈችኝ። ከዚያ በኋላ በየቁራጩ የሚጻፈው የፊተኛው ሁለተኛ ቁጥርና ሲካፈል የሚተርፈው ቀሪ ነው፤ በሁለተኛው 18 እና 12፣ በሦስተኛው 12 እና 6፣ በአራተኛው 6 እና 0። አንዱን በአንዱ ላይ ደረበችው። አንዱ ቁራጭ አንድ ጥሪ ነው። አራተኛው ላይ ሁለተኛው ቁጥር 0 ስለሆነ 6 ይመለሳል።

«ይህ 6 ለማን ተሰጠ?» አለችኝ።

«ለእኔ ነዋ።»

«አይደለም ጋሼ። ለጠራው ነው የሚሰጠው። ማን ነው የጠራው?»

ሦስተኛው ወረቀት ነው።

«እሱስ ተቀብሎ ምን አደረገው?»

ኮዴን ከፍቼ አየሁ። ፋንክሽኑ ራሱን የሚጠራበት መስመር ላይ ሪተርን የሚል ቃል፣ ውጤቱን ለጠራህ መልስ የሚለው ትእዛዝ፣ የለም። 6ን ተቀብሎ ለላይኛው ሳያቀብል ዝም ብሏል። ፓይተን ደግሞ ሪተርን ሳያገኝ ላለቀ ፋንክሽን የሚሰጠው ነን ነው። 6 እና 0 የሠራልኝ ለካ መቀባበል ስለሌለበት ነው! ሪተርኗን በራሴ እጅ ጨመርኩ። 6 መጣ። እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረውም።

የቤት ሥራ የአንድን ቁጥር አሃዞች የሚደምር ፋንክሽን ሰጠችኝ፤ ለ2475 መልሱ 18 ነው። ፋንክሽኑ አሃዞቹን ከቀኝ እያነሣ ይሄዳል፤ እኔ መጨረሻ ላይ ለሚቀረው አንድ አሃዝ ሪተርን በማለት ፈንታ ፕሪንት ጻፍኩ። 2 ስክሪኑ ላይ ታየ፣ ከሥሩ ረጅም ቀይ ኤረር፣ የስሕተት መልእክት፣ ተዘረገፈ። ድሮ ቢሆን እዘጋው ነበር። እሷ ግን ከታች ወደ ላይ ማንበብ አስለምዳኛለች። የመጨረሻው መስመር ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) እና ነን አይደመሩም ይላል። ስለዚህ 4ን ከነን ጋር ልደምር ነበር ማለት ነው። ነኑ ከየት መጣ? ከፕሪንቱ። ፕሪንት ለዓይን ያሳያል እንጂ ለጠሪው ምንም አይሰጥም። ይህንን ብቻዬን፣ ማታ፣ ቤቴ ሆኜ አገኘሁት። የፎልደሩን ኮድም ባለፈው ሳምንት ጨርሼ ቢሮ እየተጠቀምኩበት ነው።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ያለቀ ኮድ አትሰጥም። ነገ የሚቀርብ ፕሮጀክት ሥሪልኝ ለሚል ሰው አትሆነውም፤ እሷም አትቀበልም። ቀስ ብላ ነው የምትሄደው፤ መጀመሪያ ላይ እኔንም አሰልችቶኝ ነበር። ክፍያዋ ግን አይጎዳም። ባልገባኝ ቀንም ተጨማሪ ሰዓት ቁጭ ብላ አስረድታ አላስከፈለችኝም። ልጄ፣ እግዚአብሔር ያክብርሽ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ።

ለራሱም ሆነ ለልጁ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ እሷን አስፈቅጄ ስልኳን እሰጣለሁ። ስትሄዱ ኮዱን ከነኤረሩ ይዛችሁ ሂዱ። ኤረሩን እንዳታጠፉት፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።