በራም ፕሮማስተር ላይ የተሠራ ካምፐር ቫን፦ ለብቻ አሜሪካን አቋርጦ ለሚነዳ ሰው ይበቃል ወይ?

ይበቃል፤ ለአንድ ሰው ከበቂም በላይ ነው። ግን በሻጩ ግቢ ቆሞ መብራቱ ሲበራ ያምራል ተብሎ የሚገዛ ዕቃ አይደለም፤ እዚያ የማያምር ቫን የለም። ከዋሽንግተን ዲሲ ሎስ አንጀለስ 2,700 ማይል ያህል መንገድ ነው። በዚህ መንገድ ላይ የመኪናውን ደግነት የሚወስኑት ክብደቱ፣ ባትሪውና ማሞቂያው ናቸው። ሦስቱም ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት በቁጥር ሊታወቁ ይችላሉ።

ፕሮማስተር መሠረቱ የጣሊያኑ ፊያት ዱካቶ ሲሆን፣ አሜሪካ ውስጥ መሸጥ የጀመረው በ2013 ነው። ሞተሩ 3.6 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ በተራ ቤንዚን የሚሠራ፣ 280 ገደማ የፈረስ ጉልበት ያለው ነው። ከ2022 ሞዴል ወዲህ ባለ ዘጠኝ ማርሽ አውቶማቲክ ሆኗል። የሚጎትተው በፊት ጎማ ነው፤ የመኪናው በጎነትም ድክመትም ከዚህ ይነሣል። ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚወስድ ብረት ከሥሩ ስለማያልፍ ወለሉ ከመሬት 53 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ይላል። ብቻውን የሚጓዝ ሰው በቀን ሠላሳ ጊዜ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ጉልበቱ ይህን ልዩነት በሦስተኛው ቀን ያውቀዋል።

ሌላው ትልቅ ጥቅም ስፋቱ ነው። ግድግዳው ቀጥ ያለ ስለሆነ ባዶው ቫን በሰፊው ቦታ 1.92 ሜትር ይደርሳል፤ አልጋው በአግድም ሊዘረጋ ይችላል ማለት ነው። ሙቀት መከላከያና እንጨት ከተለበሰ በኋላ ግን ከዚህ ላይ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይቀነሳል። ስለዚህ ቁመቱ ከ1.75 ሜትር በላይ የሆነ ሰው ጫማውን አውልቆ አልጋው ላይ ሙሉ በሙሉ ሳይጋደም አይግዛ። ጭንቅላትም እግርም ግድግዳ ከነካ፣ በአግድም ሳይሆን በርዝመት የተሠራ አልጋ ያለውን መፈለግ ነው።

ለአንድ ሰው የምንመርጠው ርዝመት 5.99 ሜትር የሆነውን ነው። አጭሩ 5.41 ሜትር ሲሆን አልጋው ከተዘረጋ በኋላ የዕቃ ቦታ አይተርፈውም። 6.36 ሜትር የሆነው ረጅሙ ደግሞ ከገበያ አዳራሽ መኪና ማቆሚያ መስመር በጣም ይወጣል። ከፍታው ግን በሁሉም ዘንድ ችግር ነው፤ ረጅሙ ጣሪያ ብቻውን ከ2.5 ሜትር በላይ ነው፣ የጣሪያ ማቀዝቀዣ ሲጨመርበት ወደ 3 ሜትር ይጠጋል። የከተማ ፓርኪንግ ሕንፃዎች ብዙዎቹ 7 ጫማ (2.13 ሜትር) እንኳ አያስገቡም። ትክክለኛውን ከፍታ በሜትር አስለክተው በወረቀት ጽፈው ከመሪው አጠገብ ይለጥፉት።

ወደ ክብደት እንምጣ። በሾፌሩ በር መቃን ላይ ባለው ቢጫ ወረቀት ሰውና ጭነት በአንድ ላይ ከስንት ፓውንድ መብለጥ እንደሌለበት ተጽፏል። በቫን ካታሎግ ላይ ያለውን ቁጥር ይተዉትና ይህን ያንብቡ፤ ኋላ የተጨመረ መጋረጃና ተጨማሪ ባትሪ ሁሉ ከዚህ ላይ ይቀነሳል። አንድ ጋሎን ውሃ 8.3 ፓውንድ ነው፤ ባለ 20 ጋሎን ታንክ ሲሞላ 166 ፓውንድ ይሆናል፣ የአንድ ሰው ክብደት ማለት ነው። አልጋው፣ ታንኩና የዕቃ ሣጥኑ ከኋላ ስለሚሆኑ ከመጠን በላይ የሚጫነው አብዛኛውን ጊዜ የኋላው ጎማ ነው። ጠቅላላው ልክ ሆኖ የኋላው ብቻ ሊያልፍ ይችላል።

ይህን ለማወቅ ውሃም ነዳጅም ሞልተው፣ ዕቃውን ሁሉ ጭነው፣ የጭነት መኪኖች ነዳጅ በሚቀዱበት ጣቢያ ያለውን ካት ስኬል ሚዛን ይጠቀሙ። የፊት ጎማ በመጀመሪያው ሰሌዳ፣ የኋላው በሁለተኛው ላይ ይቁም፤ ወረቀቱ ሁለቱንም ለየብቻ ይሰጥዎታል። የኋላው ካለፈ መጀመሪያ ውሃውን ወደ ሲሶ ይቀንሱ፤ ሰው ባለበት አገር ሃያ ጋሎን ተሸክሞ መሄድ አያስፈልግም። ከዚያ የታሸጉ ምግቦችንና መሣሪያውን ከተሳፋሪው ወንበር ኋላ ያስሩ። የጎማ አየር በዚያው የበር ወረቀት ላይ በተጻፈው ልክ፣ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ይሞላል። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር የመጨረሻው ጣሪያ ስለሆነ ከእሱ ጋር አያምታቱት።

ስኮርታም ይፈትሹ። ቫኑን ወደ ካምፐር የሚቀይሩ ሰዎች ከሥሩ የነበረውን ስኮርታ አውጥተው ታንክ የሚያስገቡበት ጊዜ አለ። ጎማው የሚታሰረው በዳዶ ሳይሆን በቡሎን ስለሆነ፣ አንድ ሰው ብቻውን ጎማ ሲያነሣና ቀዳዳ ሲያገናኝ ይቸገራል። ቀዳዳው ውስጥ ለጊዜው ገብቶ ጎማውን የሚመራ ረጅም ዘንግ ርካሽ ነው፤ ከክሪኩ ጋር ይቀመጥ።

ስለ ባትሪው ዘርዘር አድርገን እንናገር፤ አብዛኛው ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነውና። 200 አምፔር-ሰዓት የሆነ የሊቲየም ባትሪ 2,560 ዋት-ሰዓት ያህል ይይዛል። ባለ 12 ቮልት ፍሪጅ በሞቃት ቀን ከ40 እስከ 50 አምፔር-ሰዓት ይበላል፤ የጣሪያ ማራገቢያ፣ መብራትና ስልክ 15 ያህል ይጨምራሉ። ስለዚህ ምግብ ካልተሠራበት ያለ ፀሐይ ወደ ሦስት ቀን ያቆያል። በኢንዳክሽን ምድጃ (በማግኔት ኃይል የብረት ድስትን ብቻ የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ) 1,500 ዋት ለ20 ደቂቃ ማብሰል ግን 43 አምፔር-ሰዓት ያህል ይወስዳል። ሽሮ በዝቅተኛ ሙቀት ቀስ ብሎ ስለሚንተከተክ ባትሪውን ብዙም አይጎዳውም። ሽንኩርቱ ለሰዓታት የሚቁላላው ቀይ ወጥ ግን የባትሪውን ሲሶና ከዚያ በላይ ሊጨርስ ይችላል፤ እሱን ቤት ሠርቶ፣ በትንንሽ ዕቃ አቀዝቅዞ መያዝ ነው።

የጣሪያ ማቀዝቀዣ በዚህ ባትሪ ሁለት ሰዓት አይሞላም። የሐምሌን የሚዙሪና የካንሳስ ሌሊት ለማለፍ ባለ 30 አምፔር መሰኪያ ያለው ካምፕ መያዝ ግድ ነው። ኮሎራዶ ከደረሱ በኋላ ግን ከፍታ መውጣት ይሻላል፤ በየ1,000 ጫማው አየሩ ወደ 3.5 ፋራናይት ይቀዘቅዛል።

ሻጩን የሚጠይቁት ዋና ጥያቄ ባትሪው ከሞተሩ ጄኔሬተር በስንት አምፔር እንደሚሞላ ነው። 50 አምፔር ከሆነ ሦስት ሰዓት መንዳት 150 አምፔር-ሰዓት ይመልሳል፤ በየቀኑ ለሚነዳ ሰው ከዚህ የሚበልጥ የለም። ባለ 200 ዋት ሶላር በጥሩ የበጋ ቀን ከ60 እስከ 70 ያመጣል፣ ዛፍ ሥር ከቆመ ግን ምንም። ቮልት ብቻ የሚያሳይ መለኪያ ያለውን ቫን አንመክርም። ሊቲየም ከሞላ እስከ ሊያልቅ ሲል ድረስ 13 ቮልት አካባቢ ስለሚቆይ መለኪያው ያታልላል። ገቢና ወጪውን በአምፔር የሚቆጥር መሣሪያ ያስፈልጋል። ሊቲየም ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መሞላት እንደሌለበትም ይወቁ፤ ባትሪው ከወለል ሥር ወይም ከውጭ ከተቀመጠ የራሱ ማሞቂያ ይኑረው።

ቡና የሚያፈላ ሰው የጀበናውን ነገር አስቀድሞ ያስብ። ሸክላ በኢንዳክሽን አይሞቅም። ውጭ የሚቀመጥ የጋዝ ምድጃ ይሠራል፤ ነገር ግን ተራው የቡቴን ጣሳ ከ0 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ወደ ጋዝነት ስለማይቀየር በተራራ ጠዋት ይከዳል። ባለ አንድ ፓውንድ ፕሮፔን ይያዙ። ቡና መቁላት ቫን ውስጥ አይሞከርም፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው ወዲያው ይጮኻል፣ ሽታውም ፍራሹ ውስጥ ይቀራል። ከሰል ደግሞ፣ ለእጣን ማጨሻ የሚሆን ቁራጭም ቢሆን፣ በር ተከፍቶም ቫን ውስጥ አይግባ። የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ ብቻውን የተኛን ሰው የሚቀሰቅስም የለም። በምዕራቡ ክፍል በበጋ የእሳት እገዳ ሲወጣ ከሰል ውጭም የሚከለከልበት ቦታ ብዙ ነው፤ መዝጊያ ያለው የጋዝ ምድጃ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይፈቀዳል።

እንጀራ በአይ-70 መንገድ ላይ እንዲህ ይታሰብ፤ ከዲሲ ወጥተው ኮሎምበስ ኦሃዮ ላይ ያገኛሉ፣ ቀጥሎ ሐበሻ በብዛት ያለበት ኦሮራ ኮሎራዶ ነው፣ ከዚያ ላስ ቬጋስ። ከኮሎምበስ እስከ ኦሮራ ከ1,200 ማይል በላይ ስለሆነ የሦስት ቀን መንገድ ነው። በደንብ የቀዘቀዘ እንጀራ በፍሪጅ እዚያ ያደርሳል፤ ሳይበርድ በፕላስቲክ ከተጠቀለለ ግን ላብ ይዞ ይሻግታል። ለተጠባባቂ ድርቆሽና ቋንጣ ካለ ፍርፍሩ በአሥር ደቂቃ ይደርሳል፣ በሶ ደግሞ እሳትም አይፈልግ።

የመኪናው ድክመት የሚታየው ከዴንቨር በኋላ ነው። የአይዘንሃወር ዋሻ 11,158 ጫማ ላይ ነው። ሞተሩ በየ1,000 ጫማው 3 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ እዚያ ላይ 280 የነበረው ወደ 190 ይወርዳል። ማርሽ ቀንሶ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ በቀኙ መስመር ቀስ ብሎ መውጣቱ ብልሽት አይደለም። ቁልቁለቱ ግን ከ6 እስከ 7 በመቶ ስለሚሆን፣ ከመጀመሪያው ማርሹን በእጅ ዝቅ አድርጎ ፍሬኑን ማሳረፍ ያስፈልጋል።

ኮሎራዶ በአይ-70 ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ከመስከረም መጀመሪያ እስከ ግንቦት መጨረሻ (በፈረንጆች ሴፕቴምበር 1 – ሜይ 31) የጎማ ሕግ አላት፤ በሁለት ጎማ የሚጎትት መኪና ለበረዶ የሚሆን ጎማ ወይም ሰንሰለት ሊኖረው ይገባል። የፕሮማስተር ሰንሰለት የሚታሰረው በፊት ጎማ ነው። በጎማውና በውስጡ ብረት መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ስለሆነ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ የሚፈቅደውን ዓይነት ብቻ ይግዙ። ያለ በረዶም ቢሆን እርጥብ ሣርና ልል ጠጠር ላይ ዳገት ሲወጣ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚሄድ የፊት ጎማው ይሽከረከራል። ሲያድሩ የፊት ጎማዎች ጠንካራ መሬት ላይ ይሁኑ።

ማሞቂያው በቤንዚን የሚሠራ ከሆነ በሰዓት ሩብ ሊትር ገደማ ብቻ ይወስዳል፤ ከፕሮፔን የምንመርጠውም ለዚህ ነው። ሆኖም ለከፍታ ካልተስተካከለ ከ1,500 ሜትር በላይ አየር ስለሚያንሰው ጥላሸት ይሠራና ይዘጋል፤ ሻጩ የከፍታ ማስተካከያ እንዳለው በጽሑፍ ያረጋግጥ። ብዙዎቹ የነዳጅ ታንኩ ወደ ሩብ ሲወርድ መሳብ ያቆማሉ። ይህ ዩታ ውስጥ ትርጉም አለው፤ ከግሪን ሪቨር እስከ ሳላይና 110 ማይል ያህል ነዳጅ የለም። ታንኩ 24 ጋሎን ነው፣ ተጭኖ በጋሎን 15 ማይል ያህል ይሄዳል፣ የፊት ነፋስ ሲኖር ከዚያም ይቀንሳል። ግሪን ሪቨር ላይ ሞልቶ መሄድ ነው።

ፕሮፔን ያለው ቫን ከኒውዮርክ ወደ ዲሲ ሲመጣ የባልቲሞርን የወደብ ዋሻዎች ማለፍ አይፈቀድለትም፤ እያንዳንዱ ከ10 ፓውንድ ያልበለጠ ጣሳ ካልሆነ በስተቀር። የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ በመጋቢት 2024 ከወደቀ ወዲህ የሚቀረው በአይ-695 በምዕራብ በኩል መዞር ነው።

ከመረከብዎ በፊት አንድ ቀን ሙሉ ይመድቡ። ውሃውን ሞልተው ፓምፑን ያብሩና ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘግተው ያዳምጡ፤ ሰው ሳይነካው ፓምፑ በየጥቂት ደቂቃው ከተነሣ የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነው። ጣሪያውን በጎማ ቱቦ አሥር ደቂቃ ያጠጡና ማራገቢያው ዙሪያ በእጅዎ ይዳብሱ። ብቻዎን ስለሚያድሩ፣ ከአልጋ ተነሥተው ወደ ውጭ ሳይወጡ መሪው ጋ መድረስ መቻልዎን ይሞክሩ፤ የሚዞረው ወንበር ማታ ወደ ሾፌር አቅጣጫው ካልተመለሰ ያግድዎታል።

ከዚያ ሩቅ ሳይሄዱ ሦስት ሌሊት ሸናንዶዋ ያሳልፉ፤ ከዲሲ ሁለት ሰዓት አይሞላም፣ ዳገትም ብርድም አለው። ከመንቀጥቀጡ የተነሣ የሚላላ የውሃ ቧንቧ መገጣጠሚያና ብሎን በመጀመሪያዎቹ 500 ማይል ውስጥ ይታያል። የአሜሪካ ካምፐር ብሎኖች ብዙዎቹ ጭንቅላታቸው አራት ማዕዘን ቀዳዳ ስለሆነ ተራ ካቻቢቴ አይይዛቸውም፤ ቁጥር 2 የሆነውን ይያዙ።

መጸዳጃ ቤቱን በተመለከተ፣ ለአንድ ሰው እየወጣ የሚደፋው ካሴት ይሻላል፤ በተራ መጸዳጃ ቤት ሊደፋ ይችላል፣ ቋሚው ታንክ ግን የማፍሰሻ ጣቢያ ያስፈልገዋል። ገላ መታጠቢያ ክፍሉን ትተው በምትኩ ሁለተኛ ባትሪና ሰፊ የዕቃ ቦታ ያለውን ቢመርጡ ብዙ አይጸጸቱም፤ ሻወር ትልልቆቹ የጭነት መኪና ጣቢያዎች አብዛኞቹ አላቸው። ዓመቱን በሙሉ በረዶ ተራራ ላይ ለመኖር የሚያስብ ሰው ግን ይህን መኪና ይተወው፤ በአራት ጎማ የሚጎትተውን ፎርድ ትራንዚት ወይም መርሴዲስ ስፕሪንተር ይመልከት።