የቮልስ መሪ ላይ ያለ የኤሌክትሪክ ችግር፦ ማደስ፣ ያገለገለ ኦሪጅናል ወይስ አዲስ ኮፒ?

አዳማ ውስጥ ቮልስ የሚነዳ ሰው ሙቀቱንና ነፋስ የሚያመጣውን አቧራ ያውቃል። ሁለቱም መሪው ስር ገብተው ይሰራሉ። ፍሬቻው አንዴ ይሰራል፣ አንዴ እምቢ ይላል። ቁልፉ ሲነካ ዳሽቦርዱ ይጠፋል። ብዙ ሰው ታዲያ ሳይለካ መለዋወጫ ሱቅ ይሄዳል፤ ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው።

ክላክስ ብቻ ከሆነ እምቢ ያለው፣ ምንም አትግዙ። በቮልስ ላይ የክላክሱ ቁልፍ የሚያገናኘው ኔጌቲቩን ነው። የመሪው ዘንግ ከመሪው ሳጥን ጋር የሚገናኘው ደግሞ በክብ ጎማ ነው። ጎማ ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ እዚያ ጋ ሽቦ አለ። እሱ ሲበጠስ ወይም ሲዝግ ክላክሱ ዝም ይላል።

ፍሬቻው ላይ ፍላሸሩን፣ ማለትም አምፖሎቹን የሚያብለጨልጨውን ትንሽ ዕቃ፣ ቀድማችሁ ፈትሹ። እሱ ላይ 49 እና 49a የሚሉትን ሁለት ጫፎች በሽቦ አገናኙና የፍሬቻውን ማንሻ ወደ አንዱ አቅጣጫ ግፉ። አምፖሎቹ ሳይብለጨለጩ ቀጥ ብለው ከበሩ ማንሻው ደህና ነው፤ ጥፋቱ የፍላሸሩ ነው። አንድ ጎን ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ አምፖሉንና ኔጌቲቩን እዩ።

መለኪያውን በተመለከተ፣ ከመልቲሜትርና ከመሞከሪያ መብራት አንዱን ብቻ የምትገዙ ከሆነ መብራቱን ውሰዱ። መልቲሜትር ከመስመሩ የሚወስደው ጉልበት ከቁጥር አይገባም። ስለዚህ የተቃጠለ ኮንታክት ላይም 12 ቮልት ሊያሳያችሁ ይችላል። መብራቱ ግን ጉልበት ስለሚስብ ደካማ መስመር ላይ ይደበዝዛል። መልቲሜትር ካላችሁ ዕቃው እየሰራ እያለ ለኩ። አንዱን ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን ከማብሪያው በሚወጣው ሽቦ ላይ አድርጉ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ መንገድ ላይ ቮልት የሚበላ ነገር አለ።

አሁን ወደ ግዢው። የፍሬቻውን ማንሻ በተመለከተ እኔ የምመርጠው ያገለገለ ኦሪጅናል ነው። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ስትፈልጉ የድሮውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። ከ1972 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ጀምሮ የዋይፐር ማንሻም መሪው ላይ ስለመጣ ሽቦዎቹ ይለያያሉ። ኮንታክቱ እስካልጠቆረና መሪው ሲመለስ ፍሬቻውን መላሹ ፕላስቲክ እስካልተሰነጠቀ ድረስ ኦሪጅናሉ ዋጋውን ያወጣል። ኮፒው አዲስ ስለሆነ ዓይን ይስባል፤ ግን ያ ፕላስቲክ ቀጭን ከሆነ ቶሎ ይሰበራል። ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ደጋግማችሁ ግፉት፣ ድምፁን ስሙ። የራሳችሁ ማንሻ ኮንታክቱ ብቻ ከቆሸሸ ግን ሁለቱም አያስፈልጋችሁም፤ በጥሩ ኮንታክት ማጽጃ ይመለሳል። በ6 ቮልት የሚሰራ የድሮ ቮልስ ካላችሁ ይህን አትናቁ። ለተመሳሳይ አምፖል እጥፍ አምፔር ስለሚያልፍ ትንሽ ቆሻሻም ብዙ ይሞቃል።

የቁልፉ ስዊች ላይ ሐሳቤን እገለብጣለሁ። እዚህ አዲስ ግዙ። ያገለገለው ለዓመታት ሲያስነሳ የኖረ ነው፤ ውስጡ ምን ያህል እንደተበላ ከውጭ አይታይም። ቁልፉ መሪው ላይ ባላቸው ቮልሶች የስዊቹ የኤሌክትሪክ ክፍል ለብቻው ስለሚፈታ ቁልፍ መቀየር አያስፈልግም። ስዊቹ ጫፎች ላይ ከተጻፉት ቁጥሮች 30 ቀጥታ ከባትሪ የሚመጣው፣ 15 ቁልፍ ሲከፈት ኤሌክትሪክ የሚያገኘው፣ 50 ሞተሩን ወደሚያስነሳው ሞተሪኖ የሚሄደው ነው። አዲሱ ላይ ቁጥሮቹ በግልጽ ካልተጻፉ አትውሰዱት። ከመፍታታችሁ በፊት የኋላ ወንበሩን አንሱና የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ።

መኪናው ጠዋት ተነስቶ ቀትር ላይ ሞተሩ ሲግል «ጠቅ» ብቻ የሚል ከሆነ ግን ስዊቹን ለመግዛት አትቸኩሉ። ከቁልፉ ወጥቶ ኋላ ሞተሪኖው ጋ እስኪደርስ ሽቦው ረጅም ነው፤ በመንገዱ ቮልት ይወርዳል። ሞተሪኖው አጠገብ ሪሌ አስገጥሙ፤ ሪሌ ከቁልፉ በሚመጣ ትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን መስመር የሚያገናኝ ማብሪያ ነው። ወጪውም ያነሰ ነው፣ ስዊቹንም ከመቃጠል ያድነዋል። የቮልስን ሞተር ለሚጋራው የስፖርት ሞዴል ለካርማን ጊያም ይሰራል።