እማዬን ላከመችልን ሲስተር ምስጋና፣ ቤት ለቤት ነርስ ለምትፈልጉም ጥቆማ

ሲስተር፣ እጅሽ ይባረክ! ስሜን አታውጣ ስላለችኝ አልጠራትም።

እማዬ ስኳር አለባት። የእግር ጣቷ ከተቆረጠ በኋላ ቁስሉ አልገጥም ብሎ አሳሩን አሳይቶን ነበር። አሁን ድኖ ካልሲ ታደርጋለች፤ ተመስገን ነው።

የወደድኩላት አሠራሯን ነው። መጀመሪያ ሰሞን ቁስሉ ትኩስና ጥልቅ ስለነበር ሁሉም ነገር ስቴራይል፣ ማለትም ከጀርም ፈጽሞ የጸዳ ነበር፤ ጓንቱም፣ ጎዙም፣ መቆንጠጫውም ከታሸገ ነው የሚወጣው። አንዴ ጓንት አጥልቃ ስታበቃ የጣቷ ጫፍ ብርድ ልብሱን ነካ አደረገው። ማናችንም ልብ አላልንም። እሷ ግን ወዲያው አውልቃ ሌላ ከፈተች። የጣለችውን ሒሳብ ውስጥ አላስገባችውም።

ቁስሉ ቀይ ሥጋ መሙላት ሲጀምር፣ ሐኪሙም ተስማምቶ፣ ክሊን ወደሚሉት፣ ንጹሕ ግን ሁሉም ነገር ስቴራይል ወዳልሆነበት አሠራር ተሻገረች። ከካርቶን የሚመዘዘውን ተራ ጓንት ስታወጣ አክስቴ አላስቻላትም።

«ምነው ልጄ፣ ዛሬ ርካሹ መጣ?»

«እትዬ፣ የከረመ ቁስል ላይ ጀርም አይጠፋም። የኔ ጓንት ስቴራይል ስለሆነ ቁስሉ ስቴራይል አይሆንም። ዋናው ሌላ ጀርም ከውጭ አለማስገባት ነው። ለምን በከንቱ ላስወጣችሁ?»

የጓንቱ ዋጋ ቀነሰ እንጂ ጥንቃቄዋ አልቀነሰም። እጇን በሳሙና ትታጠባለች፣ ጓንት አጥልቃ የቆየውን ፋሻ ትፈታለች፣ ጓንቱን ትጥላለች፣ እንደገና ታጥባ አዲስ ታጠልቃለች። እውነቱን ለመናገር፣ ይቺን የመሃሏን መታጠብ የሚዘልሉ ባለሙያዎች አይቻለሁ። ጎዙና ቁስሉ የሚታጠብበት የጨው ውሃ (ሳላይኑ) ደግሞ እስከ መጨረሻው የታሸገ ነበር። የተከፈተ ሳላይን ላይ ሰዓቱን በእስክሪብቶ ትጽፍና 24 ሰዓት ካለፈው ትደፋዋለች። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ አታስነካም፤ አዲስ የሚበቅለውን ሥጋ ይጎዳል ትላለች።

ልኳንም ታውቃለች። በመሃል ጥቁር ሥጋ ብቅ ሲል «ይሄ መቆረጥ አለበት፣ ቤት ውስጥ አይሆንም» ብላ ወደ ሆስፒታል ላከችን። እዚያ በስቴራይል አነሱላት። የሷ ክፍያ እንደሚቀር እያወቀች ነው እንዲህ ያደረገችው።

የአልጋ ቁስል፣ የስኳር ቁስል ወይም የኦፕራሲዮን ቁስል የሚታጠብለት ሰው ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኳን እሰጣለሁ። የምትሠራው አያትና ሲኤምሲ አካባቢ ነው። ቀጠሮ ቀደም ብላችሁ ያዙ፤ የሐኪም ወረቀትም አዘጋጁ፣ ሳታይ አትጀምርም።