መኪናዬን ወደ ጋዝ ልቀይር ለምትሉኝ፦ ኤልፒጂ ወይስ ሲኤንጂ?

ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ፣ ቤንዚን ሊትሩ 100 ብር ካለፈ ጀምሮ፣ ጋራዥ የሚመጣው ሰው ጥያቄ አንድ ሆኗል። ዘይት ሊቀይር የመጣውም፣ ፍሬን ሊያሠራ የመጣውም ሲጨርስ “ወንድሜ፣ ወደ ጋዝ ባዞራት ምን ይመስልሃል?” ይላል። ለእያንዳንዱ መመለስ ስለሰለቸኝ እዚህ ልጻፈው። መልሴን አላንጠለጥልም፤ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ለሚሠራ የቤንዚን መኪና ኤልፒጂ፣ ማለትም በወጥ ቤት ሲሊንደር የምታውቁት ፈሳሽ ጋዝ፣ ይሻላል። ሲኤንጂ፣ ማለትም ታምቆ የሚሞላው የተፈጥሮ ጋዝ፣ ንጹሕና ጥሩ ነዳጅ ነው፤ ግን ዛሬ ለወሎ ሰው አይሆንም።

የናፍጣ መኪና ያላችሁ ከወዲሁ ተሰናበቱ። 5ኤል የሚባለው የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ያለው ሚኒባስ ይዞ “የጋዝ ኪት (መኪናውን ወደ ጋዝ የሚቀይረውን ዕቃ) ግጠምልኝ” የሚል ሰው አላጣም። ናፍጣ ሞተር ነዳጁን በብልጭታ የሚለኩስ ካንዴላ የለውም፤ ጋዝ ደግሞ ያለ ካንዴላ እሳት አይነሳለትም። እንገጥማለን የሚላችሁ ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ወደ ዋጋው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ቦታ ነው። ቤንዚን በሊትር፣ ጋዝ በኪሎ እየተሸጠ ሁለቱን ቁጥር እንዳለ ያወዳድራል። አንድ ኪሎ ኤልፒጂ የ1.4 ሊትር ቤንዚን ያህል ጉልበት አለው፤ አንድ ኪሎ ሲኤንጂ ደግሞ ወደ 1.5 ይጠጋል። እኔ ለኤልፒጂ 1.3 ብቻ ነው የምይዘው። መኪናው ጠዋት የሚነሳው በቤንዚን ነው፤ ሞተሩ እስኪሞቅም በቤንዚን ይሄዳል፤ የደሴን ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ የቤንዚኑን ዋጋ በ1.3 አባዙት። የጋዙ ኪሎ ከዚያ ከበለጠ ኪቱን በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ።

የትኛውን የቤንዚን ዋጋ? ተሰልፋችሁ ከማደያ የምትቀዱ ከሆነ የማደያውን፤ መንገድ ዳር በሃይላንድ የምትገዙ ከሆነ የሃይላንዱን። ኪት ሻጭ ሁልጊዜ በሃይላንዱ ነው የሚያሰላላችሁ፣ ትርፉ እንዲያምር።

ለሂሳብ እንዲመች ቤንዚን 130፣ የጋዝ ኪሎ 120 ብር እንበል። በቀን 10 ሊትር የምትጨርስ ኮሮላ በቤንዚን 1,300 ብር ትበላለች፤ በጋዝ 7.7 ኪሎ፣ ማለትም 924 ብር። በቀን 376 ብር ተረፈ። ኪቱ ከነገጠማው 80,000 ቢፈጅ ወጪው የሚመለሰው በ213 የሥራ ቀን ነው፤ በወር 26 ቀን ለሚሠራ ስምንት ወር ገደማ። በቀን 3 ሊትር ለምታቃጥል የቤት መኪና ግን ከሁለት ዓመት በላይ ይሄዳል። ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ ለሚመለስ ሰው ይህን ድካም አልመክርም። ቁጥሮቹን በእለቱ ዋጋ ቀይሩና ራሳችሁ አስሉት። ጋዙ በዶላር የሚገባ ዕቃ ስለሆነ ዋጋው አይረጋም፤ ሂሳቡ ጫፍ ላይ ብቻ የሚያዋጣ ከሆነ አያዋጣም።

ሲኤንጂ በወረቀት ላይ ከዚህም ይረክሳል ይባላል። ግን ከየት ይሞላል? ደሴም ኮምቦልቻም የሲኤንጂ ማደያ የለም። የካሉብ ጋዝ እኮ ወጣ ትሉኛላችሁ። አዎ፣ በመስከረም 2018 የመጀመሪያው ምዕራፍ ተመርቋል። እዚያ የሚመረተው ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ቀዝቅዞ ፈሳሽ የሆነ ጋዝ ነው፤ ካሉብ ያለው ደግሞ ሶማሌ ክልል ነው። ያ ጋዝ እዚህ ደርሶ፣ እስከ 200 ባር ግፊት የሚያምቅ መጭመቂያ ያለው ማደያ ተተክሎ፣ ያኔ ይህን ጽሑፍ እቀይረዋለሁ። ከኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ በሚሌ በኩል ጅቡቲ የሚመላለሱት ከባድ መኪኖች ከእኛ ቀድመው ሳይጠቀሙበት አይቀሩም ብዬ እገምታለሁ።

ማደያው ቢኖር እንኳ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው የሐረጎ ዳገት አለ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ 2,500 አካባቢ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ስለሚያጣ ደሴ ሲገባ ሩቡ የለም። በሲኤንጂ ስትነዱት ከቀረው ላይ ሌላ አንድ አሥረኛ ገደማ ይወርዳል፤ ጋዙ የአየሩን ቦታ ይሻማልና። ኤልፒጂም ይቀንሳል፣ ግን ያነሰ። አራት ሰው ጭናችሁ ሐረጎን በሁለተኛ ማርሽ ስትወጡ ልዩነቱ እግራችሁ ሥር ይታወቃችኋል።

ክብደቱም አለ። 60 ሊትር የሚይዝ የብረት የሲኤንጂ ሲሊንደር ብቻውን ከ60 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ የሚይዘው ጋዝ ግን 10 ኪሎ ገደማ ነው፣ የ15 ሊትር ቤንዚን ያህል። በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ለምትሄድ መኪና 150 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ስትወርዱ ሸዋ ሮቢት ሳትደርሱ ያልቃል። በዚያው መጠን የኤልፒጂ ታንክ 80 በመቶው ብቻ ቢሞላም፣ የሚሞላውም ያን ያህል ብቻ ነው፣ የ37 ሊትር ቤንዚን ሥራ ይሠራል። ወልድያ ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ፤ ያውም ታንኩ ቀላል ሆኖ።

በአንድ ነገር ሲኤንጂ ይበልጣል፤ ካመለጠ ወደ ላይ ይበናል። ኤልፒጂ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ላይ ይተኛል። የሚሸት ከሆነ በር ከፍታችሁ ውጡ እንጂ መብራት አታብሩ፤ መኪናውንም ከምድር በታች ባለ ጋራዥ አታሳድሩ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ፤ ፎርጅዱ። ቀለም የተቀባ የኦክስጅን ሲሊንደር “የሲኤንጂ ነው” ተብሎ ሲሸጥ አይቻለሁ። ማኅተሙ በሞላ ማሽን ተፍቆ ነበር። የወጥ ቤት ሲሊንደር ደግሞ ተገልብጦ፣ በሽቦ ታስሮ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ተኝቶ መጥቶልኛል። ያ ሲሊንደር 80 በመቶ ሲሞላ የሚያቆም ቫልቭ የለውም፤ ሙቀት ሲያገኘው ፈሳሹ የሚሰፋበት ቦታ ያጣል። ባቲ ገበያ ፀሐይ ላይ አቁማችሁት አስቡት። ለመኪና የተሠራ የኤልፒጂ ታንክ ላይ 67አር የሚል ማኅተም ተመቶ ታገኛላችሁ፤ በሲኤንጂው ላይ 110አር። ማኅተሙ የተፋቀ፣ በብየዳ የተጠገነ ወይም የተሠራበት ዓመት የማይነበብ ከሆነ ዋጋው ግማሽ ቢሆንም ተውት።

ኦርጅናል ኪት ገዝታችሁም የምትማረሩበት ምክንያት ደግሞ ተርሞስታት፣ የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠረው ዕቃ፣ ነው። እዚህ አገር መካኒክ ሞተር ሞቀ ሲሉት መጀመሪያ የሚያደርገው ተርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። ኤልፒጂ ከፈሳሽ ወደ ጋዝ ሲቀየር ኃይለኛ ቅዝቃዜ ይፈጥራል፤ ይህ ለውጥ የሚካሄድበትን ሬጉሌተር የሚያሞቀው የራዲያተሩ ውሃ ነው። ተርሞስታት የሌለው ሞተር በብርድ አይሞቅም፣ ሬጉሌተሩ በረዶ ይሠራል፣ መኪናው እየነጠረ ይቆማል። ከዚያ “ጋዙ መጥፎ ነው” ይባላል። ኪት ከመግዛታችሁ በፊት ተርሞስታቱን አስመልሱ፤ ካንዴላውን አዲስ አድርጉ፤ የቫልቭ ክፍተቱንም አስለኩ፤ ጋዝ ደረቅ ስለሆነ የተዳከመ የቫልቭ መቀመጫ ቶሎ ይበላል። ይህ ሁሉ ወጪ ከኪቱ ዋጋ ላይ ይደመር።

ከኪት ሻጩ በፊት ጋዝ ሻጩን ፈልጉ። በፖምፓና በሚዛን ለመኪና ታንክ የሚሞላ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። ሲሊንደር ገልብጦ በጎማ ቱቦ የሚያስተላልፍ ከሆነ ኪቱን አትግዙ፤ አቅራቢያችሁ ሌላ ከሌለ በቤንዚን ቆዩ። ቦሎ የምታሳድሱበት ቦታም ለውጡን ይቀበል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ በአፍ ሳይሆን በጽሑፍ።

ባጃጅስ? ሕንድ ውስጥ ከፋብሪካው በጋዝ የሚሠራ ባጃጅ አለ። እዚህ ግን የሚመጣልኝ ተሳፋሪው ወንበር ሥር የሚሸጎጥ ሲሊንደር ነው። እሱን አልገጥምም፤ የማንም ይሁን።